የሚያስቆም ቃል

በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን መግቢያ ላይ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች የሰፈሩበት ሰሌዳ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከእሴቶቹ መካከል “ብዝኃነት” እና “አካታችነት” የሚሉት ቃላት ቦታ አግኝተዋል። ሁለተኛው ቁልፍ የተንጠለጠለበት የሐሳብ መስጫ ሣጥን ነው። ሰሌዳው ይወለወላል፣ ሣጥኑ አቧራ ይለብሳል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተከፈተ የሚጠይቅ የለም፤ መልሱን ሁሉም ስለሚገምተው ይሆናል። ስለ ዘላቂ አመራር የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ሰሌዳው ነው። የጉዳዩ እምብርት ያለው ግን ሣጥኑ ጋ ይመስለኛል፤ ሣጥኑም ቢሆን አይበቃም፣ የገባበት ወረቀት እስኪወጣ ድረስ ሥራው በተሳሳተበት መንገድ እየነጎደ ነውና። የአንድ ተቋም አካታችነት በጠረጴዛው ዙሪያ ስንት ዓይነት ሰው እንደተቀመጠ ተቆጥሮ አይታወቅም። የሚታወቀው የስንቱ ሰው ቃል ሥራውን ማስቆም እንደሚችል ሲታይ ነው። መሪም የሚሰነብተው ራሱን ሊያስቆሙት ለሚችሉ ሰዎች አሳልፎ በሰጠው መጠን ነው ብል ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስል ይሆናል፤ እንቆቅልሹን ለመፍታት ትንሽ መንገድ መሄድ ያስፈልጋል።

ስህተት ወዲያው ዋጋ ከሚያስከፍልበት ሥራ ብንጀምር ይሻላል። ቢሮ ውስጥ የተሳሳተ ውሳኔ ፍሬው የሚታየው ብዙውን ጊዜ ወሳኙ ወደ ሌላ ወንበር ከተዛወረ በኋላ ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ ግን ወሳኙም አብሮ ተሳፍሯል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ የቴነሪፍ ደሴት፣ ሎስ ሮዴዮስ በተባለው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጉም በሸፈነው መንደርደሪያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ሳይፈቀድለት ለመነሳት የተንደረደረው የሆላንዱ የኬኤልኤም አውሮፕላን ነበር። ዋና አብራሪው የድርጅቱ የ747 አሠልጣኞች አለቃ፣ ፎቶግራፉም በኩባንያው ማስታወቂያ ላይ የሚወጣ የተከበረ ሰው ነው። አጠገቡ የተቀመጠውን ረዳት አብራሪ ፈትኖ ብቁ ነው ያለው እሱ ራሱ ነበር፣ ያውም ከጥቂት ጊዜ በፊት። ዋናው አብራሪ የሞተሩን ኃይል መጨመር ሲጀምር ረዳቱ ገና ፈቃድ አለመገኘቱን አስታወሰው፤ አለቃውም ቆም ብሎ እንዲጠይቅ አዘዘው። ከማማው የመጣው መልስ የበረራውን መስመር የሚገልጽ እንጂ ለመነሳት የሚፈቅድ አልነበረም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲንደረደሩ ግን ረዳቱ አላስቆመም። ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ፣ ያኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣም ይሆን ብሎ ጠየቀ፤ አለቃው ወጥቷል ሲል በእርግጠኝነት መለሰለት። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። የሰው ልጅ በአንድ ቀን አለቃውን ስንት ጊዜ ማረም ይችላል? ረዳቱ ያቺን አንዷን ድፍረቱን ቀድሞ ጨርሷት እንደነበር እገምታለሁ። መሐንዲሱም የነበረው የመጠየቅ ሥልጣን ብቻ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ታሪክ ሲያነብ የሚያውቀውን ነገር ያይበታል። መሐንዲሱ የተናገረው ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ “ያኛው አልወጣም ይሆን?” የሚል ጥያቄ ነው፤ ወርቁ “አቁም!” ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1982፣ ከዋሽንግተን በበረዶ ውስጥ በተነሳው የኤር ፍሎሪዳ አውሮፕላን ረዳት አብራሪው የሞተሩ መለኪያ የሚያሳየው ነገር ልክ አለመምሰሉን ደጋግሞ ተናግሮ ነበር፤ መነሳቱ ይቅር ግን አላለም። አውሮፕላኑ ከድልድይ ጋር ተላትሞ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ፣ 78 ሰዎችም ሞቱ። ሰምና ወርቅን በቅኔ ማኅሌት ስንሰማው የጥበብ ጫፍ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ዘዴ ከቅኔው አውጥቶ የማኅበራዊ ኑሯችን መለያ አድርጎ ሲያቀርበው ብዙዎች ተከራክረውታል፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። አንድ ነገር ግን አልስተውም፦ የላይኛው ጆሮ ሲዘጋ የታችኛው አንደበት ቅኔ ይቀኛል። ቅኔ ደግሞ ፈቺ ይፈልጋል። የቸኮለ አለቃ ፈቺ አይደለም፤ ሰሙን ሰምቶ ያልፋል፣ ወርቁ ከፍርስራሹ መካከል በድምፅ መቅጃው ሣጥን ውስጥ ተለቅሞ ይገኛል።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ የባህል ነው። “እኛ ታላቅን የምናከብር ሕዝብ ነን፤ አንቱታ ባለበት አገር ታናሽ ታላቁን አስቁሞ አያውቅም፤ ይህ የፈረንጅ ትምህርት ነው” ይባላል። የኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1997 ጉዋም ላይ ወድቆ 228 ሰዎች ሲያልቁ የዓለም ጋዜጦች ይህንኑ ክርክር ገልብጠው አቅርበውታል፦ ችግሩ የኮሪያ ቋንቋ የአክብሮት አነጋገር ነው አሉ። ማብራሪያው ያምራል፤ ግን ቴነሪፍን አያስረዳም። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት ሆላንዳውያን ናቸው፣ በግልጽ ተናጋሪነታቸው የሚቀለድባቸው ሕዝብ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1978 በአሜሪካዋ የፖርትላንድ ከተማ አቅራቢያ የወደቀው የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላንም ነዳጅ ያለቀበት፣ አለቃው በማረፊያ ጎማው ችግር ተጠምዶ ሳለ ሌሎቹ ስለ ነዳጁ ለዘብ አድርገው ሲያሳስቡ ነው። እንግሊዝኛ አንተንና አንቱን አይለይም፣ ሰዎቹ ግን እንደኛው ተለሳልሰዋል። ዝምታውን ያመጣው የሥራው አወቃቀር ነው ማለት ነው፦ የታችኛው ሰው እንጀራ፣ ዕድገትና ስም በላይኛው ሰው ብዕር ላይ ሲንጠለጠል ሆላንዳዊም ኮሪያዊም ሐበሻም ያው ነው። ባህልን ስንከስ አወቃቀሩ ከተጠያቂነት ያመልጣል፣ ለዚህም ይመስለኛል ባህልን መክሰስ ለአለቆች የሚጥማቸው።

አየር መንገዶች ከዚህ የተማሩት የአብራሪን ክብር ማዋረድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ ጉዳዩን ለመመርመር ባለሙያዎችን ሰበሰበ፤ በ1981 ዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች እርስ በርስ የመናገርና የመደማመጥ ሥርዓትን የሚያሠለጥን ፕሮግራም ጀመረ። ነባር አብራሪዎች የጨዋ ልጆች ማሳደጊያ አድርገው ቀለዱበት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1989 የዚሁ ድርጅት ዲሲ-10 አውሮፕላን የጅራት ሞተሩ ፈንድቶ መሪውን የሚያንቀሳቅሰው የዘይት ግፊት በሙሉ ጠፋበት። እንዲህ ላለው ጉዳት የተጻፈ መመሪያ አልነበረም። ዋናው አብራሪ አል ሄይንስ ሁሉንም አወያየ፤ በተሳፋሪነት የነበረ አንድ አሠልጣኝ ወደ ፊት መጥቶ በሞተሮቹ ኃይል ብቻ አውሮፕላኑን እንዲያቀና ፈቀደለት። አይዋ ውስጥ በሱ ሲቲ ከተማ ሲያርፉ ከ296 ሰዎች 112 ሞቱ፣ 184 ግን ተረፉ። ሄይንስ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ምስጋናውን የሚሰጠው ለዚያ ለተቀለደበት ሥልጠና ነበር። “አደጋ ላይ ጊዜ የለም፤ አንድ ሰው ያዝዝ፣ ሌላው ይታዘዝ” ለሚለው ተቃውሞ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ሄይንስ ሥልጣኑን ለማንም አልለቀቀም። ማስቆም መወሰን ማለት አይደለም፤ የሚያስቆመው ሰው “እንደገና ይታይ” ይላል፣ አይቶ የሚወስነው አሁንም አለቃው ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ድምፅ ነው፤ ሰዎች የተለያዩ መሆናቸው ለምን ያስፈልጋል? ተመሳሳይ ሰዎችም ቢደማመጡ አይበቃም ወይ? አይበቃም፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ሕይወት የኖሩ ሰዎች የማያዩት ነገር አንድ ዓይነት ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በየሆስፒታሉ ጣት ላይ ትሰካ የነበረችውን የኦክስጅን መለኪያ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያዋ ጥቁር ሕመምተኞች ላይ የኦክስጅን መጠንን ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ እንደምታነብ፣ በዚህም የተደበቀ እጥረት ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ብዛት እንደሚያመልጣት አሳየ። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ መሣሪያዋ የኛም ጣት ላይ ነበረች። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ነው፦ ይኸው ጉድለት እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ተጠቁሞ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እውቀቱ ነበር። መሣሪያዋን የሚሠሩትና የሚያጸድቁት ሰዎች ጉዳዩ በገዛ ጣታቸው ላይ ስላልነበረ የሚያውቀው ሰው ቃል ሥራውን አላስቆመም። ብዝኃነት የሚያስፈልገው ጉድለቱ በገዛ ሰውነቱ ላይ የሚታይበት ሰው ውሳኔው በሚሰጥበት ክፍል እንዲኖር ነው።

አንባቢዬ ከዚህ በኋላ ዝም እንደማይለኝ አውቃለሁ። “ብዝኃነት” የሚለው ቃል በአገራችን ጆሮ ላይ ከባድ ሸክም ተሸክሟል። “ተዋጽኦ” ማለት እያንዳንዱ የሚያዋጣው ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ሆኗል። እኛ ኮታን እስኪበቃን እናውቀዋለን፣ ወንበሮቹም ሲቆጠሩ ይሞላሉ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ከ20 የሚኒስትር ወንበሮች 10ሩ ለሴቶች ሲሰጡ ዓለም አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ተገቢ ነበር፣ ምክንያቱም የማትታይ ሰው አትሰማም። ቁጥሩ ግን መግቢያ በር ነው። በሹመት የመጣ ሰው፣ ሴትም ወንድም፣ ከየትኛውም ብሔር ይሁን፣ ዓይኑ ወደ ሾመው ሰው ነው፤ የተጨመረው ወንበር የተጨመረ ዝምታ ሊሆን ይችላል። በዚህ ነገር ላይ ከቢሮው ሰሌዳ ይልቅ የኦሮሞ ባህል የበለጠ ያስተምረኛል። ገዳ ሥልጣንን በስምንት ዓመት የሚያፈራርቅ ሥርዓት ሆኖ ሳለ ሴቶችን በሥልጣኑ እርከን ላይ አላስቀመጠም። ነገር ግን ያገባች ሴት የምትይዘው ሲንቄ የተባለ በትር አለ፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በሚጣሉ ሰዎች መካከል ከቆሙ ጠቡ መቆም አለበት። እንግዲህ አወዳድሩት፦ እዚያ ወንበር የሌላት ሴት የማስቆም ቃል አላት፣ እዚህ ወንበር ያላት ሴት የማስቆም ቃል የላትም። የሲንቄን ሥርዓት ፍጹም ነው አልልም፤ ወንበር የተነፈገ ሰው የማስቆሙ መብት ጠብ እስኪፈነዳ መጠበቅ አለበት። ሆኖም ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ያካትታል ቢሉኝ መልሴ ቶሎ አይመጣም።

የማስቆሚያ ቃል የተነፈገ ሰው ምን ያደርጋል? የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሥራው ሁለት መንገዶችን ለይቷል፦ መናገር ወይም መውጣት። አነሳሱ ስለ ናይጄሪያ ባቡር ነበር፤ ሰው በጭነት መኪና መሄድ ስለሚችል ስለ ባቡሩ የሚጮኽ ጠፋ፣ ባቡሩም ሳይነቃ ቀረ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ በብዛት የተቀጠሩት ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ከተቆጣጣሪዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ቋንቋቸውን የማይችሉ የውጭ አገር ሰዎች። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ዘገባ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ያህል እንደሆነ፣ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ የመቀየር ያህል እንደሚተኩ ጻፉ። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ጠዋት ሥራውን ትታ ስትሄድ የሐሳብ መስጫ ወረቀቷን ሰጥታ ነው የሄደችው፤ ሊያነበው የሚፈልግ ካለ። ከሁሉም ደካማ የሆነውን አመራር የምለየው በዚህ ነው፦ ዜናውን የሚሰማው ከባዶ ወንበር ነው። አባቶች “ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” ያሉት መከራ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ደመወዙም ከሁሉ የሚበልጥ አማካሪ ስለሆነ ነው።

አካታችነትን በትርፍ ቋንቋ የሚሸጡት ሰዎች እዚህ ላይ ጣልቃ ይገባሉ፦ የተለያዩ ሰዎች ያሉት አመራር የበለጠ ያተርፋል ይላሉ። ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት ለዓመታት ያሳተማቸው ጥናቶች የዚህ ክርክር ምሰሶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለት የሒሳብ አያያዝ ምሁራን በትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ላይ ውጤቱን ለመድገም ሞክረው አልተገኘላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ለኩባንያ ቦርዶች የ40 በመቶ ኮታ ሕግ ያወጣችው ኖርዌይም ለተመራማሪዎች ማለቂያ የሌለው ክርክር ናት። ይህ አያስደነግጠኝም፤ እንዲያውም ሸክም ያቀልልኛል። የፍትሕን ጉዳይ በትርፍ ሠንጠረዥ ላይ ያቆመ ሰው ሠንጠረዡ በወረደ ቀን ፍትሑን ያወርደዋል። ደግሞም ያልደረሰ አደጋ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት በሁለት ሆስፒታሎች ስምንት ክፍሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተቶችን ቆጥራ ነበር። የተሻለ አመራርና ግንኙነት ያላቸው ክፍሎች ስህተታቸው በዝቶ ተገኘ። ነገሩ ሲመረመር እነዚያ ክፍሎች ስህተትን ይናገሩ ነበር፣ ሌሎቹ ይደብቁታል። ቁጥር ብቻ የሚያይ ሚኒስትር የትኛውን ክፍል እንደሚሸልም መገመት አያቅትም።

“ይህን እኛ ሞክረነዋል” የሚል አንባቢ ደግሞ አለ፤ ከሁሉም ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። በኢሕአዴግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ነበር፤ ሂስ፣ ግለ ሂስ። የጽዳት ሠራተኛዋም ኃላፊውን መተቸት ትችላለች ተባለ። ምን ሆነ? ሰው በባልደረባው ላይ የሚመዘዝ ካርድ ማጠራቀም ለመደ። ተቃውሞው እውነት ነው፣ መልሱም ከልዩነቱ ይመጣል። ግምገማ ሥራው ካለፈ በኋላ ሰውየውን ይመዝናል፤ የስብሰባውን ቀን የሚቆርጠውም ከላይ ያለው ነው። ማስቆም ሥራው ላይ ነው፣ አሁን ነው፣ ሰዓቱን የሚመርጠውም ያየው ሰው ነው። ቶዮታ በፋብሪካው መስመር ላይ ገመድ ዘረጋ፤ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ይስበዋል፣ የቡድን መሪው ይመጣል፣ ችግሩ በቦታው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ጄኔራል ሞተርስ በሠራተኛው ተማርሮ እ.ኤ.አ. በ1982 የዘጋው የካሊፎርኒያው የፍሪሞንት ፋብሪካ በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት፣ አብዛኞቹ ሠራተኞች የቀድሞዎቹ ሆነው ሳለ የመኪናዎቹ ጥራት ሌላ ሆነ። ገመድ መሳብ ማንንም አይወነጅልም። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” በሚባልበት አገር ገመዱን የሚፈራ አለቃ መብዛቱ ግን አያስገርምም፤ ሥልጣንን ለአጭር ግብዣ የተቀበለ ሰው መስመሩ ሲቆም የሚታየው የሚቀርበት ጉርሻ ነው።

ገመዱም ቢሆን ጌጥ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና መፈተሻ ዝርዝር በስምንት ከተሞች፣ ከሲያትልና ለንደን እስከ ታንዛኒያዋ ኢፋካራ ድረስ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ጥናት መሠረት የሞት መጠኑ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። በዝርዝሩ ውስጥ በክፍሉ ያለው ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን እንዲናገር የሚያዝዝ ነጥብ አለ፤ ስሙን ተናግሮ ድምፁን የሰማ ሰው በኋላ ለመናገር አይከብደውም የሚል እሳቤ ነው። የካናዳዋ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ይህንኑ ዝርዝር በ101 ሆስፒታሎች ካዋለች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ግን የሚጨበጥ ለውጥ አላገኘም። ወረቀቱ አንድ ነው። አንዱ ቦታ ሰዎች ተናገሩበት፣ ሌላው ቦታ ምናልባት ምልክት ብቻ አደረጉበት። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነትም ከቅርብና ከከባድ አደጋ ራሱን ያገለለ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይከላከላል። ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች፤ የዚህን ስምምነት ስም የሰማ የግንባታ ሠራተኛ ስንት እንደሆነ ግን የየሕንፃው መወጣጫ እንጨት ይናገር።

ስለ አክብሮት ቋንቋችን ያልጨረስኩት ነገር አለ። አማርኛ አለቃን ለማረም አይመችም የሚለው ወቀሳ ሰዋስዋችንን በቅጡ ያላየ ሰው ወቀሳ ነው። “አቁም”፣ “አቁሚ”፣ “ያቁሙ” የሚሉት ቃላት ሁሉ ተናጋሪው አድማጩን ደረጃ እንዲሰጠው ያስገድዱታል፤ ጭንቁ ያለው እዚያ ነው። “ይቁም” የሚለው ቃል ግን ሰው አይጠራም። አንተም አንቱም የለበትም፤ የሚያዝዘው ሥራውን ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት ጎዙ ይቆጠራል። የቆጠረችው ነርስ በዕድሜ የሁሉም ታናሽ፣ ሥራ ከጀመረችም ጥቂት ወር የሆናት ትሆናለች፤ መርፌ የያዙት ሐኪም ደግሞ መምህሯ የነበሩ። “ቁጥሩ አንድ ጎድሏል፤ ይቁም” ትላለች፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ። መርፌው ባለበት ይቆያል፣ ቆጠራውም ከአንድ እንደገና ይጀመራል።